አነሰኝ

ሃያ አንድ ሺህ ብር፣ በነጠላዬ ጫፍ፣ በሦስት ቋጠሮ፤
የሁለት ኩንታል በርበሬ ዋጋ፣ የወንድሜ ድርሻ ተቀንሶ፣ የመጋዘኑ ኪራይ ተቆጥሮ።
ከጅጋ የመጣሁት በጠዋቱ ሚኒባስ፣ ከሰው ጆንያ ጋር ተደርቤ፣
ዓይኔ እስኪያለቅስ እያስነጠሰኝ በርበሬው፣ እየሳቀ ግን ልቤ።

ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ፎቅ ላይ ነው ሱቁ፤
ደረጃው ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ ትከሻዎች የሚጨናነቁ።
አንማው ይባላል ባለቤቱ፤ ሞባይል ይጠግናል፣ ካሜራም ይሸጣል፤
ቀና ሳይል “ስንት አለሽ?” ይላል፣ ብሎን በመርፌ ያወጣል።

ነገርኩት፤ ኪስን ለሻጭ መናገር ሞኝነት መሆኑን ሳላጣው፤
በርበሬ መሸጥ አውቃለሁ እንጂ የካሜራ ብልጠት ከየት ላምጣው?

ሦስት ደረደረልኝ፣ በመስታወቱ ላይ።
አንዷ አዲስ፣ ካርቶኗ ያልተቀደደ፣ እንደ ሙሽራ የምትታይ፤
“ሃያ ሚጋ ናት፣ ፊት ታለሰልሳለች፣ ክብደቷም ቀላል፤
ሃያ ስምንት ሺህ፣ ላንቺ ሃያ ሰባት” ይላል።
ሁለተኛዋ ትልቅ፣ ጥቁር፣ እንደ ኮርማ አንገተ ደንዳና፤
ሌንስ ግን የላትም፤ ጉድጓዷ ብቻ ያፈጣል ወደ ጣሪያው ቀና።
“ሌንሱን ቀስ ብለሽ ትገዢያለሽ፣ አዲስ አበባ ይገኛል።”
ቀስ ብዬ! በስንተኛው በርበሬ? መሬቱስ በየዓመቱ መች እሺ ይለኛል?

ሦስተኛዋን ወደ ጎን ገፋት፣ እንደምታሳፍረው ልጁ፤
ጎማዋ ተልጧል፣ እዚያው የቀረ ይመስላል የቀድሞ ጌታዋ እጁ።
አሥራ ስምንት ሺህ ከነሌንሷ፤ ከባትሪዋ ጋር ግን ትጣላለች፤
“እሷን ተያት” አለ፣ “አሮጊት ናት፣ ስታነሺባት ታስላለች።”

ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። አዲሷ ዘንድ ስደርስ ብሬ አነሰኝ፤
እሱ ባነሰ ቁጥር እኔንም እዚያው ቆሜ አሳነሰኝ።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ሬዲዮውን ሊያሠራ የመጣ፤
ድሮ ፎቶ ቤት ነበረው አሉ፣ ወረቀቱ ከገበያ እስኪታጣ።
ይርሳው ይሉታል። ስንት ይዘሻል ብሎ አልጠየቀኝ፤
“ምን ልታነሺ ነው?” አለ። ላብ አጠመቀኝ።

ሠርግ ልል ነበር፣ ጥር ሲመጣ ገበያ አለ፤
የመታወቂያ ጉርድ ልል ነበር፣ ቀበሌው ደጅ ሰልፍ መች ጎደለ?
ሁለቱም እውነት ነው፣ ላፍርበትም አይገባኝ፤
ከአፌ የወጣው ግን ሌላ፣ ራሴንም ግራ አጋባኝ፦

“በርበሬው ተሰጥቶ ውሎ፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
ቀይ መሆኑን ትቶ ሌላ የሚሆነውን፣ ስሙን እንጃ፣ የሚያስደነግጥ፣ የሚያስቅ፤
እህቴ ውዴ መሃሉ ገብታ ስትገለብጥ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲቀላ፣
ያንን ነው። ያቺን ግማሽ ሰዓት። ጨለማ ነው ከዚያ በኋላ።”

ሽማግሌው አሮጊቷን አነሳ፣ ሌንሷን ወደ መስኮቱ ቀሰረ፤
እፍ አለባት፣ አጮለቀ፣ እንደ ሕፃን ጉሮሮ መረመረ።
“ሻጋታ የለባትም” አለ። “ቆዳዋን ተይው፣ ቆዳ አያይ፤
ሚጋው ቢቆለል ያው ነው፣ ጉድፍ ካለበት ዓይን ላይ።
በተረፈሽ ሚሞሪ ግዢ፣ ሌላ ባትሪ፣ ለዝናቡም ላስቲክ ነገር፤
የቀረውን ተሳፈሪበት። ፎቶው ያለው እዚያ ነው፣ ከበርበሬው ሰፈር።”

አንማው ፊቱ ጠቆረ። ቢሆንም አምስት መቶ ቀነሰ፤
ስሜን “ይታይሽ” ስለው ግን ሳቁ አመለጠው፣ ደረሰኙንም በሳቅ ጨረሰ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከፈትኳት። አሮጌ ሚሞሪ ቀርቶ ኖሯል፣ አንድ ፎቶ ብቻ ያለበት፤
የሴት ጀርባ፣ በር ላይ፣ ፊቷን ያልመለሰችበት።
ላጥፋት ብዬ ጣቴ ተዘረጋ፤ ደግሞ እሷ ምን አጥፍታ?
ትቀመጥ፤ የምትይዘው ቦታ ትንሽ ነው፣ ትቁም በሯን ተጠግታ።

አስፋልቱ የተቦረቦረበት ስንደርስ መኪናው ዘለለ፣ ጣቴ ሳላስበው ተጫነ፤
አሮጊቷ አሳለች። የመጀመሪያ ፎቶዬ ጉልበቴና የተጨማደደው የነጠላዬ ጫፍ ሆነ።
ደብዛዛ ነው፣ ዘንበል ያለ፤ ውዴ ስታየው ትስቃለች፤
“ይሄ ነው የበርበሬያችን ዋጋ?” ትላለች።

ይሁን። ጠዋት አነሰኝ ያልኩት ብር አሁን አነሳኝ፤
ለአስር ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ሾፌር፣ ንዳው፣ ፀሐይዋን አትንሳኝ።